ሶፍትዌርም እንደ ሰሊጥ ናሙና ይውጣለት

ከመተማ ተጭኖ በአዘዞ በኩል የሚያልፈው ሰሊጥ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ናሙና ይወጣለታል፤ እርጥበቱና ባዕድ ነገሩ ይታያል። የሰሊጡ ባለቤት ግን ገንዘቡን የሚያንቀሳቅስለትን ሶፍትዌር ማን እንደመረመረው እምብዛም አይጠይቅም።

ጉዳዩ የቅንጦት አይደለም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለው በላይ ገንዘብ ማውጣት ችለው ነበር። በዚያ ሌሊት ከ490 ሺህ በላይ የገንዘብ ግብይቶች መካሄዳቸው፣ ያለአግባብ የተወሰደውም 801 ሚሊዮን ብር ያህል መሆኑ በኋላ ተገልጿል። መንስኤው የሳይበር ጥቃት አልነበረም፤ ችግሩ የተፈጠረው በሲስተሙ ላይ ሥራ ሲካሄድ ነው።

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። የአይቢኤም ባልደረባ የነበረው ማይክል ፋጋን እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተመው ዘዴ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ጥቂት ባለሙያዎች ተቀምጠው መስመር በመስመር ያነቡታል፤ ስህተቱን ይመዘግባሉ፤ መታረሙንም ያረጋግጣሉ። ጸሐፊው ብቻውን የራሱን ሥራ አይዳኝም።

ዛሬ የሶፍትዌር አምራች ለእያንዳንዱ ደንበኛ ከባዶ አይጀምርም። አንድ የጋራ መሠረት ያዘጋጅና ለጅምላ ሻጩ፣ ለሆቴሉ፣ ለመድኃኒት ቤቱ እንደየሥራው ይቀጥልበታል። ይህ «የምርት መስመር» ይባላል። ወጪ ይቀንሳል፤ ነገር ግን በመሠረቱ ላይ ያለች አንዲት ስህተት በሁሉም ሱቅ ትገባለች። ለአንዱ ደንበኛ የተጨመረውም ከመሠረቱ ጋር ሊጋጭ ይችላል።

«ምርመራ ጊዜና ገንዘብ ይበላል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ የተካነ ባለሙያም ርካሽ አይደለም። ይሁን እንጂ የጋራው መሠረት አንድ ጊዜ በደንብ ሲመረመር ወጪው ለደንበኞች ሁሉ ይከፋፈላል። ያልተመረመረ እንደሆነ ደግሞ ኪሳራው በደንበኞች ቁጥር ልክ ይባዛል። ስሌቱ ለነጋዴ ግልጽ ነው።

ስለዚህ የአዘዞ ነጋዴ የሒሳብ ፕሮግራም ሲገዛ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ከጸሐፊው ሌላ ማን አነበበው? ማሻሻያ ሲደረግ የተነካው ብቻ ሳይሆን ከእሱ ጋር የተያያዘውም ይመረመራል? የተገኙት ስህተቶች መዝገብ አለ? ባንኮችም ቢሆኑ ለደንበኞቻቸው ይህንኑ ለመመለስ ሊዘጋጁ ይገባል። መልስ የሌለው ሻጭ ናሙና የማያሳይ ሻጭ ነው፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ሻጭ ሰሊጥ የሚገዛ የለም።