የጋዙ መብራት ሲደበዝዝ

ለመፍራት ሲል ገንዘብ ከፍሎ ሲኒማ ቤት የሚገባ ሰው ለብዙዎች እንግዳ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ፍርሃትን የሚያሳዩ ፊልሞች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ከእነዚህም መካከል ብዙ ደም ሳያፈሱ የሰውን አእምሮ ብቻ የሚያስጨንቁ አሉ። ለዚህ ዓይነቱ መልካም ምሳሌ የሚሆነን፥ ጆርጅ ኩከር እ.ኤ.አ. በ1944 ያዘጋጀው «ጋዝላይት» የተባለው ፊልም ነው፤ ኢንግሪድ በርግማንም ዋናዋን ሴት ሆና ስለ ተጫወተች የኦስካር ሽልማት አግኝታበታለች።

ታሪኩ የሚፈጸመው በለንደን ከተማ ነው። ፓውላ የተባለችው ወጣት፥ አክስቷ በተገደለችበት ቤት ከባልዋ ከግሬጎሪ ጋር ትኖራለች። ባልዋ በፍቅር ቃል እያባበለ የሰጣትን የደረት ጌጥ ራሱ ሰውሮ እንደ ጣለችው ይነግራታል፤ ሥዕሉንም ከግድግዳ አውርዶ እርስዋ እንደ ደበቀችው ያሳምናታል። ማታ ማታ እርሱ ከቤት ሲወጣ የጋዙ መብራት ይደበዝዛል፤ ከራስዋም በላይ የእግር ኮቴ ይሰማታል። ምሥጢሩ ግን ቀላል ነው፤ ባልየው በጎረቤቱ ባዶ ቤት በኩል ዞሮ ወደ ጣሪያው ሥር ክፍል እየገባ የሟቿን ዕንቍ ይፈልጋል። እርሱ በላይ መብራት ሲያበራ ጋዙ ስለሚከፈል የታችኛው ብርሃን ይቀንሳል።

የዚህ ዓይነት ፊልም ልማድ በሦስት ነገር ይታወቃል። አንደኛ፥ አደጋው የሚመጣው ከመንገድ ሳይሆን ከቤተ ሰብ ማዕድ ነው። ሁለተኛ፥ ማስረጃዎቹ ጥቃቅን የቤት ዕቃዎች ናቸው። ሦስተኛ፥ የተበደለችው ሴት ከወዳጅ ተለይታ በቤት ትዘጋለች፤ ብቻውን የቀረ ሰው የገዛ ዓይኑን መጠራጠር ይጀምራልና። ተመልካቹም ከእርስዋ ቀድሞ ባልን ስለሚጠረጥር፥ ጭንቀቱ «በደለኛው ማነው?» ሳይሆን «እርስዋ መቼ ትነቃ ይሆን?» የሚል ነው።

ፓውላን ከጭንቀትዋ የሚያወጣት የጦር መሣሪያ አይደለም። ካሜሮን የተባለው የፖሊስ መርማሪ ወደ ቤቱ ገብቶ የመብራቱን መቀነስ በዓይኑ ባየ ጊዜ፥ አእምሮዋ ጤነኛ መሆኑን ታውቃለች። አንድ ምስክር በቃት።

የፊልሙ ስም ሰውን በገዛ አእምሮው እንዲጠራጠር ለማድረግ መጠሪያ ሆኖ ወደ እንግሊዝኛ ቋንቋ ገብቷል፤ ሜሪያም ዌብስተር የተባለው መዝገበ ቃላትም እ.ኤ.አ. በ2022 የዓመቱ ቃል አድርጎ መርጦታል። እንግዲህ ይህ በደል በፊልም ብቻ የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ በቤታችን የሚኖር ሰው አንድ ነገር አየሁ ሲለን፥ «ተሳስተሃል» ከማለታችን በፊት ቀርበን አብረነው እንመልከት።