ፖስት ዶክ ለምትፈልጉ፦ ጥያቄውን ከዚሁ ይዛችሁ ሂዱ

ይሄ በተለይ ዶክትሬታችሁን ለጨረሳችሁና ልትጨርሱ ለተቃረባችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ነው። ሰሞኑን ኢንቦክሴ በአንድ ጥያቄ ተሞልቷል፦ «በኳንተም፣ በናኖ ወይም በቁስ ሳይንስ ፖስት ዶክ የት ይገኛል?» ቦታውስ አለ። እኔ ግን መልሼ «ምን ልትሠሩ?» እላችኋለሁ።

ብዙዎቻችሁ የምትልኩት ፕሮፖዛል የፕሮፌሰሩን የራሱን ጽሑፍ ትንሽ ነካክቶ መልሶ ለራሱ መላክ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ከየአገሩ ይጎርፍለታል። እኛ ደጅ ያለው ጥያቄ ግን እሱ ጋ የለም።

ምን መሰላችሁ፣ ከአዳማ አፍንጫ ሥር ካለችው ከወንጂ ጀምሮ እስከ መቂና ባቱ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆው ከ10 በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። የልጆቹን ጥርስ አይታችኋል። አጥንታቸው ተጎድቶ ጎብጠው የቀሩም አሉ። ወንጂ ላይ በአሉሚና የሚሠራ ማጣሪያ ተተክሎ ነበር። ችግሩ አሉሚና ፍሎራይድ ይዞ ይይዝና ይሞላል፤ አጥቦ መልሶ ለመጠቀም ደግሞ ኬሚካልም ባለሙያም ይፈልጋል።

ታዲያ ፍሎራይድ ለምን እንዲህ ይጣበቃል? በቀላሉ የሚለቅ ቁስስ መሥራት ይቻላል? ይሄ እኮ የኳንተም ፊዚክስ ጥያቄ ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ በቁሱ ገጽ ላይ እንዴት እንደሚደራጁ ማስላት ማለት ነው። ኳንተም ኤስፕሬሶ ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ትንንሹን ሞዴል በላፕቶፓችሁ እዚሁ ጀምሩት። ፖስት ዶክ የሚያስፈልጋችሁ ለትልቁ ስሌትና ናኖ ቁሱን ሠርቶ ለመፈተሽ ነው።

ቦታ ስትመርጡ ደግሞ ደመወዙን ብቻ አትዩ፤ መመለሻ መንገድ ያለውን እዩ። የአውሮፓው ማሪ ኩሪ ዜግነት አይመርጥም፤ ዶክትሬት ከያዛችሁ ግን ከ8 ዓመት መብለጥ የለበትም። የጀርመኑ ሁምቦልት ፋውንዴሽን ጨርሰው ወደ አገራቸው ለተመለሱት የቤተ ሙከራ መሣሪያ መግዣ ድጋፍ አለው። ትሪየስት ያለው አይሲቲፒ በአሶሺዬት ፕሮግራሙ እዚሁ ሥራችሁ ላይ ሆናችሁ በ6 ዓመት ውስጥ እየተመላለሳችሁ እንድትመራመሩ ያደርጋል። አጋር ተቋሙ ኪጋሊ ነው፤ ቅርባችን።

ውጭ የቀረውን አልወቅስም። ተመልሶ የመጣን ተመራማሪ በማስተማር ሰዓት አጨናንቆ ቤተ ሙከራ የሚነሳው አሠራራችን ነው ብዙውን የሚያስቀረው። ለተመላሹ ሁለት ዓመት የምርምር ጊዜና አንድ ክፍል መስጠት ያን ያህል አይከብድም፤ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች ይሄን አስቡበት።

እናንተ ግን እስከዚያ አትጠብቁ። ጥያቄያችሁን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ አነበዋለሁ። ማስታወቂያ የምንፈልገው ከዚያ በኋላ ነው።