ድርሃም፣ ወርቅ፣ ሱኩክ ወይስ አክሲዮን? የአቡዳቢና የአል ዐይን ኢትዮጵያውያን ቁጠባ

እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2025 የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ 4 ሺህ የአሜሪካ ዶላርን ተሻግሯል። በዚያ ስሌት የአንድ ግራም ንጹሕ ወርቅ ዋጋ በአቡዳቢም ሆነ በአል ዐይን ወደ 470 ድርሃም ይጠጋ ነበር። ከዚያ አሥራ አምስት ወራት ቀደም ብሎ ይኸው ግራም 280 ድርሃም ገደማ ነበር። እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር ያለን ጥሪት ሁሉ ወደ ወርቅ ለመለወጥ መጣደፍ የተለመደ ነው። ነገር ግን ከዋጋው ጭማሪ በፊት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ገንዘቡ መቼና በየትኛው አገር መገበያያ ይፈለጋል የሚለው ነው።

የኢንቨስትመንት መጻሕፍት ቁጠባን በአክሲዮን፣ በቦንድ፣ በወርቅና በጥሬ ገንዘብ ሲያከፋፍሉ ቆጣቢው በሚሠራበት አገር እንደሚያረጅ ታሳቢ ያደርጋሉ። በኤምሬትስ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ግን በድርሃም ያገኛል፣ ቤተሰቡ በብር ይኖራል፣ የመኖሪያ ፈቃዱም ከሥራ ውሉ ጋር የተሳሰረ ነው። ሥራው በድንገት ቢቋረጥ ለቲኬት፣ ለቤት ኪራይና ለመቋቋሚያ የሚሆነውን ገንዘብ በቀናት ውስጥ ማግኘት ይኖርበታል።

የመገበያያው ጉዳይ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያ ዕለት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። በዋዜማው አንድ ዶላር በይፋዊው ተመን ከ58 ብር በታች ነበር፤ የፈረንጆቹ ዓመት ሳያልቅ ከ120 ብር በላይ ሆነ። ከለውጡ በፊት 10 ሺህ ድርሃም በባንክ ወደ ብር መንዝሮ አገር ቤት ያስቀመጠ ሰው በእጁ የነበረው 157 ሺህ ብር ገደማ ነው። ያንኑ ገንዘብ በድርሃም ያቆየው በዓመቱ መጨረሻ ከ320 ሺህ ብር በላይ ሊመነዝር ይችል ነበር። እርግጥ ነው፣ ለወላጅ ቀለብና ለልጆች ትምህርት የተላከ ሐዋላ ከዚህ ስሌት ውጭ ነው፤ እርሱ ግዴታ እንጂ ቁጠባ አይደለም። ጉዳቱ የደረሰው ለነገ ተብሎ በብር በተከማቸው ላይ ነው።

ስለዚህ ድርሃምን “ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ገንዘብ” ማለት ስሕተት ነው። ድርሃም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በ3.6725 ለአንድ ዶላር ተመን ጸንቶ ይገኛል፤ ለኢትዮጵያዊው ቆጣቢ ዶላርን ከመያዝ አይለይም። ወለድን ለሚሸሽ ሙስሊም ደግሞ በእስላማዊ ባንኮች በሙዳራባ ውል የሚከፈት የቁጠባ ሒሳብ አለ። ትርፉ አነስተኛ ቢሆንም ለድንገተኛ ችግር የሚሆነው የጥቂት ወራት ወጪ ከዚህ የተሻለ ማረፊያ የለውም።

ወርቅን በተመለከተ ትውስታው ሩቅ ሊሆን ይገባል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 አንድ አውንስ 1,900 ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። በታኅሣሥ 2015 ወደ 1,050 ዶላር ወረደ። የቀድሞውን ከፍታ ዳግም ያየው በ2020 ነው። በ2011 ደሞዙን ሁሉ ወርቅ ገዝቶበት በ2015 ውሉ አልቆ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ከጥሪቱ ግማሽ የሚጠጋውን አጥቷል፤ ዘጠኝ ዓመት መታገሥ የቻለ ግን ምንም አልጎደለበትም። ልዩነቱን የፈጠረው የመቆያው ርዝመት ብቻ ነው። ወርቅ ለአምስትና ለአሥር ዓመት ለማይነካ ገንዘብ ይስማማል፤ ለመጪው ዓመት የቤት ግንባታ ክፍያ ግን አይሆንም።

ጌጥም ቁጠባም ይሁን ብሎ አምባርና ሐብል መግዛት የተለመደ ነው። ሆኖም በጌጥ ላይ የእጅ ዋጋ ይከፈላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህም 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከልበታል። ሲሸጥ የሚመዘነው ወርቁ ብቻ ስለሆነ ሁለቱም ወጪዎች አይመለሱም። ንጽሕናው 99 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ የኢንቨስትመንት ወርቅ ግን የታክስ ምጣኔው ዜሮ ነው። ለሠርግና ለመሀር የሚገዛ ጌጥ የራሱ ክብር አለው፤ ከቁጠባ መደብ መቁጠሩ ነው የማያዋጣው።

ከሸሪዓ አንጻርም ወርቅ በገንዘብ ሲገዛ ርክክቡ እዚያው መፈጸም አለበት። በዱቤ የሚገዛ፣ ወይም ባለቤትነቱ ሳይተላለፍ በስልክ መተግበሪያ በቁጥር ብቻ የሚታይ ወርቅ ችግሩ ከዚህ ይነሣል። የእስላማዊ ፋይናንስ ተቋማት መመዘኛ አውጪ ድርጅት የሆነው አዮፊ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የወርቅ መመዘኛ፣ ወርቁ ተለይቶ በገዢው ስም ከተመዘገበና ገዢው በፈለገ ጊዜ ሊረከበው ከቻለ እንደ ርክክብ እንዲቆጠር ፈቅዷል።

የተለመደው ቦንድ ወለድ የሚከፈልበት ብድር በመሆኑ ለሙስሊሙ ቆጣቢ ቦታው በሱኩክ ይተካል። የኤምሬትስ የገንዘብ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2023 በድርሃም የመንግሥት ሱኩክ መሸጥ ጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተቋቋመው ናሽናል ቦንድስም ስሙ ቦንድ ይሁን እንጂ በሸሪዓ መርሕ የሚሠራ የቁጠባ ተቋም ነው።

አክሲዮን ከሁሉም የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። በአቡዳቢ የአክሲዮን ገበያ የሚገኝ ድርጅት ሁሉ ሐላል አይደለም፤ በአዮፊ መመዘኛ በወለድ የተበደረው ገንዘብ ከገበያ ዋጋው 30 በመቶ፣ ከተከለከለ ምንጭ የሚገኘው ገቢም ከጠቅላላ ገቢው 5 በመቶ ማለፍ የለበትም። አገር ቤትም ቢሆን ጥንቃቄው አይቀርም። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በመጀመሪያ የመዘገበው ወጋገን ባንክን ነው፤ ባንኩ በወለድ የሚሠራ በመሆኑ አክሲዮኑ ለዚህ ቆጣቢ አይመቸውም። የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በ300 ብር ለሽያጭ ሲቀርብ ጥያቄው ሌላ ነበር፤ ትርፉም የድርሻው ዋጋም በብር ስለሚቆጠር የምንዛሪው ሥጋት አብሮ ይገዛል።

ብዙዎች ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ቤት ይመርጣሉ። ቤት መጠለያ ነው፣ ከብር መዳከምም በከፊል ይከላከላል። ነገር ግን ባለቤቱ ሩቅ ሆኖ በውክልና የሚገነባ ቤት በችግር ቀን ተቆርሶ አይሸጥም።

የክፍፍሉ ነገር ዘካንም ይነካል። ጥሬ ገንዘብና ጥፍጥፍ ወርቅ ኒሷብ ሞልተው የጨረቃ ዓመት ከዞረባቸው 2.5 በመቶ ይወጣባቸዋል። ሴት በምትለብሰው ጌጥ ላይ ግን ሐነፊዎች ዘካ ግዴታ ነው ሲሉ፣ ሻፊዒዎችን ጨምሮ የሚበዙት መዝሀቦች አይደለም ይላሉ፤ ሁለቱም መዝሀቦች ጎን ለጎን በሚገኙበት ወሎ ጥያቄው አዲስ አይደለም። የወርቅ መወደድ ደግሞ ሌላ ነገር አምጥቷል። የወርቅ ኒሷብ 85 ግራም ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. 24 ሺህ ድርሃም ገደማ የነበረው በዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ወደ 40 ሺህ ድርሃም ደርሷል። ስለዚህ 30 ሺህ ድርሃም ያለው ሰው ትናንት ዘካ አውጪ የነበረ ሲሆን ዛሬ በወርቅ ሚዛን ከኒሷብ በታች ነው። በብር ማዕድን ሚዛን፣ ማለትም በ595 ግራም ከተሰላ ግን ወሰኑ ከጥቂት ሺህ ድርሃም አይበልጥም፤ በርካታ ዑለማዎችም ለድሆች ይጠቅማል በማለት የጥሬ ገንዘብ ዘካ በዚህኛው እንዲታሰብ ይመክራሉ።