የልብ ቀዳዳ በነፍሰ ጡሮች ክፍል

የጌዴኦ ሰው ከዳገት ጋር ያደገ ነው። ከቡሌ ደጋ እስከ ይርጋጨፌ የቡና ማሳ ድረስ ውኃውም ማገዶውም ቆጮውም በጀርባ ተጭኖ ይወጣል። ስለዚህ አንዲት የ30 ዓመት እናት ከጓደኞቿ ቀድማ ብታለከልክ፣ መንገድ ላይ ሁለት ሦስቴ አረፍ ብትል፣ «ደም አንሷት ነው»፣ «ወሊድ ጎድቷት ነው» ይባልና ይታለፋል። ጤና ጣቢያ ብትደርስም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሳንባዋ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው የሩማቲክ የልብ ሕመም። ሁለቱም በአገራችን ስለሚበዙ ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ ጉዳት የሚያመጣው እዚያው ላይ መቆም ነው። አብሯት የተወለደ የልብ ቀዳዳ ሊኖር ይችላልና። በጌዴኦ ዞን ይህን ከአዋቂዎች መካከል ፈልጎ ለማግኘት ከሁሉ የሚሻለው ቦታ የነፍሰ ጡሮች መከታተያ ክፍል ነው እላለሁ።

በዓለም ላይ በሕይወት ከሚወለዱ 100 ሕፃናት 1 ያህሉ የልብ አፈጣጠር ጉድለት ይዞ ይወለዳል። ብዙዎቹ ጉድለቶች በልጅነት ይታወቃሉ። በሁለቱ የላይኛ የልብ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ሳይደፈን ሲቀር ግን ነገሩ ይለያል። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ትንሽ በመሆኑ ደሙ በቀስታ ከግራ ወደ ቀኝ ይሻገራል፤ በማዳመጫ የሚሰማው ድምፅም ደካማ ነው። ሕፃኑ አይጠቁርም፤ ይሮጣል፣ ይማራል፣ ይዳራል። የቀኙ ልብና ሳንባው ግን የማይገባቸውን ደም በየቀኑ ይሸከማሉ። ከ30 እና ከ40 ዓመት በኋላ ትንፋሽ ያጥራል፣ የልብ ምት ይዛባል። ይህ ዓይነቱ ቀዳዳ በሴቶች ላይ ከወንዶች ሁለት እጥፍ ያህል ይበዛል።

እርግዝና የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በእርግዝና የሰውነት ደም እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ለዓመታት ተደብቆ የኖረ ጫና በጥቂት ወራት ይገለጣል። ያቺ እናት ከዚያ በፊት ሐኪም ፊት ቀርባ ላታውቅ ትችላለች፤ አሁን ግን ለፅንሱ ብላ አልትራሳውንድ አልጋ ላይ ተኝታለች። ጄሉ ሆዷ ላይ ተቀብቷል፣ መሣሪያው በባለሙያው እጅ ነው። ከጎድን አጥንቷ ሥር ጥቂት ከፍ አድርጎ ቢያዘነብለው አራቱ የልብ ክፍሎች ስክሪኑ ላይ ይታያሉ። ቀኙ ከግራው በልጦ ካበጠ፣ ያ ለኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ምርመራ ለመላክ በቂ ምክንያት ነው። በኤኮው ላይ የደሙ ፍሰት በቀይና በሰማያዊ ቀለም ይታያል። ጥርጣሬ ከቀረም በሁለት ሲሪንጅ መካከል ተንጦ አረፋ ያወጣ ሳላይን በክንድ ደም ሥር ይሰጣል፤ አረፋው እንደ ነጭ ደመና ቀኙን ልብ ይሞላል። ቀዳዳ ካለ ጥቂቱ ወደ ግራ ሲሾልክ ይታያል። የጨው ውኃ ነው፤ ውድ ነገር የለበትም።

«ማከም ሳይቻል ማወቁ ምን ይረባል?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ክብደትም አለው። ከዞኑ ከተማ ከዲላ አዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 በመሠረቱት ድርጅት ጥረት በጥቁር አንበሳ ግቢ የተከፈተው የልብ ማዕከልም የቆመው በቅድሚያ ለሕፃናት ነው። ቀዶ ሕክምናው ሩቅ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ማወቅ ብቻውን ሕክምናውን ይለውጣል። የሩማቲክ ሕመም የሌለባት ሴት በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ አትወጋም፤ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) የሌለበት ሰው የስድስት ወር መድኃኒት አይውጥም። ከሁሉም የሚከፋው ሐኪሙ ቪክቶር አይዘንሜንገር እ.ኤ.አ. በ1897 የገለጸው ሁኔታ ነው፦ የሳንባ ደም ሥሮች ከብዙ ዓመት ጫና በኋላ ይደድሩና ደሙ ተገልብጦ ከቀኝ ወደ ግራ ይፈስሳል። እዚያ ከተደረሰ ቀዳዳውን መድፈን ራሱ ጉዳት ነው። በዚህ ሁኔታ ካረገዙ እናቶች ከ100 ከ30 እስከ 50 የሚሆኑት ይሞቱ እንደነበር በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ለዚህች ሴት አስቀድሞ ማወቅ፣ የወሊድ መከላከያ መምረጥና ከባለቤቷ ጋር ተመካክሮ መወሰን ሕይወት ነው።

ሌላው ተቃውሞ የባለሙያ እጥረት ነው። ወባና የሳንባ ምች፣ በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ የደረሰው ታላቅ መፈናቀል የተወው ሸክም እያለ አዲስ ሥራ መጨመር ከባድ ነው። የምጠይቀው ግን ሙሉ የልብ ምርመራ አይደለም፤ በእጅ ባለ መሣሪያ አንዲት ተጨማሪ እይታ ነው። እይታው ሁሉንም አይይዝም። ከላይኛው ትልቅ የደም ሥር መግቢያ አጠገብ ያለ ቀዳዳ በደረት ላይ በሚደረግ ኤኮ እንኳ ሊያመልጥ ይችላል፤ ሆኖም የቀኙን ልብ ማበጥ አይደብቅም። ወንዶቹ ደግሞ በራጅ ሊገኙ ይችላሉ፤ አክታው ንጹሕ ሆኖ የሳንባው ደም ሥሮች የወፈሩበት ሰው ወደ ኤኮ ይላክ።

እ.ኤ.አ. በ1953 ጆን ጊበን በልብና ሳንባ ማሽን እየታገዘ የአንዲት የ18 ዓመት ወጣት የልብ ቀዳዳ ደፈነ። በዚያው ዓመት በስዊድን ሉንድ ኢንጌ ኤድለርና ሄልሙት ኸርትዝ ልብን በድምፅ ሞገድ አዩ። ለጌዴኦ እናት ሁለቱ ግኝቶች እኩል ሩቅ አይደሉም። መድፈኛው አዲስ አበባ ነው፤ ማያው ግን ዲላ ውስጥ በነፍሰ ጡሮች አልጋ አጠገብ ቆሟል። የዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና የዞኑ ጤና መምሪያ አዋላጆችንና የጤና መኮንኖችን ይህችን አንዲት እይታ ያስተምሯቸው።