ጎረቤት ቃላት አንድ አይደሉም

«ዋፍት»፥ «ድሪፍት»፥ «ፍሎት» የተባሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ግሦች ሁሉ «ተንሳፈፈ» ብለው የሚተረጕሙ ሰዎች አሉ። ተመሳሳዮች ናቸውና ቢለዋወጡ ጉዳት የለውም ይላሉ። ይህ አነጋገር ከስንፍና እንጂ ከዕውቀት የመጣ አይደለም።

ፍሎት አለመስጠም ነው፤ በረጋ ኵሬ ላይ ያለ ቡሽ ምንም ሳይንቀሳቀስ ይንሳፈፋል። ድሪፍት ግን «መንዳት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ ጋራ ሥሩ አንድ ነው፤ ገመዱ የተበጠሰ ጀልባ ውሃው ወደ ነዳው መሄዱን ያመለክታል። ዋፍት ደግሞ በ16ኛው መቶ ዓመት መርከብን በጥበቃ አጅቦ ማድረስ ማለት ነበር፤ ምንጩም «ጠባቂ» የሚል የሆላንዶችና የሰሜን ጀርመኖች ቃል ነው። ዛሬ ነፋስ ሽታን ወይም ድምፅን በቀስታ ተሸክሞ ሲያደርስ ይነገራል፤ የአጃቢነት ጠባዩ አልጠፋም።

እንግዲህ ነፋስ ያመጣውን የዕጣን መዓዛ «ተንሳፈፈ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ መዓዛውን እንደ ግንድ ውሃ ላይ ጣለው። ለመዓዛ «አወደ»፥ ለጢስ «በነነ» የሚል ቃል ያለውን አማርኛ ስለ ምን ድኻ ያስመስለዋል? መዝገበ ቃላት ቃላትን ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ ጉርብትናቸውን ሲነግር ነው እንጂ አንዱ ባንዱ ቤት ይደር ሲል አይደለም።