የስልኩ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

«ስልኬን ሩት ላስደርገው?» የሚል ወጣት ወረታም ባህር ዳርም አይጠፋም። ፍላጎቱ ይገባኛል። አንድሮይድ ስልክ ባለቤቱ እንዳይነካቸው የተዘጉ ክፍሎች አሉት፤ ከፋብሪካ አብረው የመጡ ብዙ መተግበሪያዎችን መሰረዝ አይቻልም። ማከማቻው ጠባብ በሆነ ርካሽ ስልክ ላይ ይህ ያስመርራል። ሩት የተደረገ ስልክ ግን ባለቤቱን እስከ ሲስተሙ ድረስ ያስገባዋል፤ ያሻውን ይሰርዛል፣ ይቀይራል። በገዛ ገንዘቤ በገዛሁት ዕቃ ላይ አዛዡ እኔ ልሁን ማለት ተገቢ ነው።

ቴክኖ ደብሊው 2 የተባለውን ስልክ ጉዳይ ሳስብማ ይህ ሐሳብ ይበልጥ ይበረታብኛል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ሴኪዩር ዲ የተባለው የሞባይል ደኅንነት አገልግሎት ያወጣው ምርመራ፣ በኢትዮጵያ፣ በካሜሩን፣ በግብፅ፣ በጋናና በደቡብ አፍሪካ በዚህ ስልክ ላይ ትሪያዳ እና ኤክስሄልፐር የተባሉ ጎጂ ፕሮግራሞች መገኘታቸውን ገለጸ። ስልኩ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ትሪያዳ ተጭኖበት ነበር። ሥራቸው ባለቤቱ ሳያውቅ ገንዘብ ለሚያስቆርጡ አገልግሎቶች መመዝገብ ነው። ከ200 ሺህ በላይ ከሆኑ የቴክኖ ስልኮች የተነሱ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይቶች ታግደዋል። አምራቹ ትራንሽን ጥፋቱን በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ላለ፣ ስሙን ላልጠቀሰው ወገን ሰጥቶ ማስተካከያ ማውጣቱን ተናገረ። እንግዲህ ፎገራ ላይ ሩዙን ሸጦ ካርድ የሞላ ገበሬ፣ ሳይደውልበት ሂሳቡ አልቆ ቢያገኘው ማንን ይጠይቅ? ቴሌን ይወቅስ ይሆናል፤ ስልኩን ግን ማን ይጠረጥራል!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይህ ነው። በዚያው ዓመት የሳይበር ደኅንነት ኩባንያው ካስፐርስኪ ባወጣው ትንተና መሠረት ኤክስሄልፐር በአንድሮይድ 6 እና 7 ላይ ራሱ የሩት ሥልጣን ይዞ ሲስተሙ ውስጥ ይሸሸጋል፤ ስልኩ ፎርማት ቢደረግም አይጠፋም። ለባለቤቱ የተከለከለውን ቁልፍ ሌባው ይዞታል ማለት ነው።

ታዲያ ባለቤቱም ቢከፍተው አይሻልም ወይ? ያለው ስልክ አንድ ብቻ ከሆነ አይሻልም፤ በዚህ አላመነታም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ስልክ የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል፤ የባንኮችም መተግበሪያ እዚያው ነው። አንድሮይድ አንዱ መተግበሪያ የሌላውን ምስጢር እንዳያይ ይለያያቸዋል። የሩት ፈቃድ ያገኘ ፕሮግራም ግን ይህን ድንበር ይሻገራል። ሩት ማድረጊያውም አብዛኛውን ጊዜ ከማን እንደመጣ ሳይታወቅ ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር ሲተላለፍ የኖረ ፋይል ነው። የባንክ የምስጢር ቁጥር ያለበትን ስልክ ላልታወቀ ሰው ፋይል ማስረከብ አደገኛ ነው። ብዙ የባንክ መተግበሪያዎችም ሩት የተደረገ ስልክ ላይ አልሠራም ይላሉ። ሩት ለማድረግ ቡትሎደሩ፣ ማለትም ስልኩን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ሲከፈትም ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ የልጆች ፎቶ ቢሆን፣ የዘመድ ቁጥር ቢሆን።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት አልተመለሰም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሩት ሲደረግ የሞተ ስልክ ኦሪጂናል ሶፍትዌሩ ከየት ይወርዳል?

መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ሲም ያልገባበት አሮጌ ስልክ ያለው ተማሪ ግን ይክፈተው፤ እንዲያውም አበረታታዋለሁ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነውን ሩት ማድረጊያ፣ ማጂስክን፣ ከራሱ ከሠሪው ገጽ አውርዶ ይሞክር። ስልክ ከውስጡ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ልጅ ለከተማው ያስፈልጋል።

እንደ ደብሊው 2 በተበከለ ስልክ ላይ መፍትሔው ንጹሕ ሶፍትዌር እንደገና መጫን፣ ጠጋኞቹ ፍላሽ የሚሉት ነው፤ ስልኩን ክፍት አይተወውም። ጥያቄው ንጹሑ ከየት ይምጣ የሚለው ነው። ካስፐርስኪ እንዳለው አንዳንድ ርካሽ ስልኮች ላይ የሚጫነው ሶፍትዌር ራሱ የተበከለ ነው። ትራንሽን ስልኮቹን እዚሁ አገር ሲገጣጥም የኖረ ኩባንያ ነው። የእያንዳንዱን ሞዴል ንጹሕ ሶፍትዌር ወረታን በመሰሉ ከተሞች ላሉ ጥገና ቤቶች በፍላሽ ዲስክ ማድረስ አይከብደውም። ከካርቶኑ ሲወጣ ተበክሎ የተገኘ ስልክ የገዛ ሰውም ለዚህ ሥራ አምስት ሳንቲም ሊጠየቅ አይገባም።