እግሩ የማያርፈውን ልጅ ከትምህርት ቤት አታስወጡት

ወገኖቼ፤ በኡም ራኩባ፣ በቱነይድባ፣ በገዳሪፍ ከተማና በገላባት ዙሪያ ያላችሁ፣ እንዲሁም ከሩቅ ሆናችሁ የምታነቡ ዘመዶቻችን። ዛሬ የምጽፈው ስለ ራሽን ወይም ስለ ምዝገባ አይደለም። ረዘም ይላል፤ ልጅ የምታሳድጉ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በየብሎኩ አንድ እንዲህ ያለ ልጅ አለ። ውኃ ቅዳ ተብሎ ይወጣል፣ መንገድ ላይ ጀሪካኑን ጥሎ ኳስ ሲያባርር ይገኛል። ክፍል ውስጥ አምስት ደቂቃ አይቀመጥም። መምህሩ ጠይቆ ሳይጨርስ ይመልሳል። እርሳሱ በየቀኑ ይጠፋል። ቀኑን ሙሉ በቁጣ ስለሚጠራ ስሙን የማያውቅ ጎረቤት የለም። ሌላም አለች፤ የማትረብሽ፣ ፈዛ የምትውል፣ «ልቧ እዚህ የለም» የምንላት። እሷን የሚቆጣት የለም፤ የሚያስታውሳትም የለም።

ለእነዚህ ልጆች የምንሰጠው መልስ ሦስት ነው። ዱላ፣ ወይም «ቡዳ በልቶት ነው»፣ ወይም «ትምህርት አልሆነለትም፣ ይሥራ»። እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ሦስተኛው ነው። በገዳሪፍ ምድር ከትምህርት የወጣ ልጅ የት እንደሚገባ እናውቃለን፦ ሰሊጥ አጨዳ፣ ወይም የደላላ መኪና። በክፍል ውስጥ መቀመጥ ያቃተው ልጅ ከሁሉም ቀድሞ የሚወጣ ነው።

እኔ የምለው አጭር ነው። ይህ ልጅ ባለጌ አይደለም፣ ሰነፍም አይደለም። እርዳታ ይገባዋል። ከእርዳታው ደግሞ ብዙው ባለሙያ እስኪመጣ የማይጠብቅ፣ እኛው ዛሬ ልንጀምረው የምንችለው ነው።

የእርዳታው ስም ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል። አንዳንዱ «የሙያ ሕክምና» ብሎ ሲተረጉመው ሰው ሥራ ማስያዝ ይመስለዋል፤ አይደለም። ነገሩ ሰው በየቀኑ የሚያደርገውን እንዲችል ማገዝ ነው። የልጅ ሥራው ምንድን ነው? ልብሱን መልበስ፣ መብላት፣ መጫወት፣ መጻፍ፣ መታዘዝ። ባለሙያዋ ልጁን ብቻ አታይም፤ ሥራውንና ቦታውንም ታያለች። ሥራው ከበዛ ትከፋፍለዋለች፤ ቦታው ከረበሸ ታስተካክለዋለች።

በቅድሚያ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። የሚቅበጠበጥ ሁሉ ኤዲኤችዲ (የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ መንቀዥቀዥ) የለበትም። ያ ችግር ከ12 ዓመት በፊት ይጀምራል፣ ቢያንስ 6 ወር ይቆያል፣ በቤትም በትምህርት ቤትም ይታያል። ስለዚህ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ልጁ ሁመራ ወይም አብደራፊ ወይም መተማ እያለም እንዲህ ነበር? ወይስ ከመንገዱ በኋላ የመጣ ነው? ጥይት የሰማ፣ ሬሳ ያየ፣ ሌሊት የሚባንን ልጅም ትኩረት አይኖረውም፤ የሚያስፈልገው እርዳታ ግን ሌላ ነው። ያልበላ ልጅ አያተኩርም። በወባ ደሙ ያነሰ ልጅ አያተኩርም። የማይሰማ ጆሮ ያለው ልጅ «እምቢተኛ» ይባላል። በየመሐሉ ለሰከንዶች ፈዝዞ ቀርቶ ሲነቃ ምንም የማያስታውስ ልጅ ደግሞ የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላልና ወደ ክሊኒክ ውሰዱት፤ ለእሱ መድኃኒት አለ።

አሁን በእጃችን ወዳለው ልምጣ።

ትእዛዝ አንድ በአንድ ይሁን። «ተነሥ፣ ታጠብ፣ ጀሪካኑን ይዘህ ሂድ፣ ስትመለስ እህትህን ጥራት» ብትሉት ከአራቱ የሚቀረው አንዱ ነው። ጠጋ በሉ፣ ትከሻውን ንኩት፣ ዓይኑን እዩ፣ አንዱን ንገሩት። ሲጨርስ ሁለተኛውን።

ጊዜን የሚታይ አድርጉለት። «ትንሽ ቆይ» ለእሱ ትርጉም የለውም። «አቦሉ እስኪቀዳ ጻፍ፣ ከዚያ ሮጠህ ተመለስ፣ ቶናው እስኪደርስ ደግሞ አንብብ» ብትሉት ግን ይገባዋል። ለብዙ ልጆች አሥር ደቂቃ ሠርቶ መነሣት ሙሉ ሰዓት ከመታሰር ይሻላል።

ጉልበቱን ሥራ ስጡት። ከትምህርት በፊት ትንሿን ጀሪካን ይሸከም፣ ሊጥ ያቡካ፣ እንጨት ይደርድር። ክፍል ውስጥም መምህሩ ደብተር እንዲሰበስብ፣ ሰሌዳ እንዲያጠፋ ቢያዝዘው መነሣቱ ጥፋት መሆኑ ቀርቶ ኃላፊነት ይሆናል።

መቀመጫውን አስተካክሉ። ከፊት፣ ከድንኳኑ በር ራቅ ብሎ፣ ከረጋ ልጅ አጠገብ ይቀመጥ። እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ ይወዛወዛል፤ ከእግሩ ስር ድንጋይ ወይም የዘይት ቆርቆሮ አድርጉለት።

የጠዋቱን ቅደም ተከተል በካርቶን ላይ በከሰል ሣሉለት፦ ፊት መታጠብ፣ ልብስ፣ ቁርስ፣ ደብተር። የቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀል። እናት አሥር ጊዜ ከምትጮህ ካርቶኑ ይናገርላት።

ያደረገውን ደግሞ ወዲያው አመስግኑት። ማታ የሚነገር ምስጋና ለእንዲህ ያለው ልጅ ዘግይቷል። ዱላ ግን ለቅጽበት ያስቆመዋል እንጂ ትኩረት አያስተምረውም። ጸበል የምትወስዱም ውሰዱ፣ እምነታችሁ ነው፤ ልጁን ግን አትሰሩት፣ ትምህርቱንም አታቋርጡበት።

«ራሽን በተቀነሰበት፣ በጦርነት መሐል ስለ ትኩረት ታወራለህ?» የሚለኝ ይኖራል። እውነት አለው። ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሱዳን ራሷ ተፈናቃይ ሆናለች፤ የገዳሪፍ ትምህርት ቤቶችም የወገኖቿ መጠለያ ሆነዋል። በ2025 ደግሞ የአሜሪካ እርዳታ ሲቆረጥ ሁላችንም ቀምሰነዋል። ምግብ ይቅደም፤ አልከራከርም። ነገር ግን ከላይ የዘረዘርኩት አንድ ኪሎ ማሽላ አይቀንስም። የአንድ መምህርን የአንድ ቀን ሥልጠና ነው የሚጠይቀው።

ለዚህም በካምፖቹ ለምትሠሩ ድርጅቶች ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ስትመዘግቡ «አካል ጉዳተኛ ልጅ አለሽ?» ብቻ አትበሉ። እናት እግሩንና እጁን አይታ «የለኝም» ትላለች። ዩኒሴፍና የዋሽንግተን ግሩፕ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት የልጆች መጠይቅ አለ፤ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት ስለ ትኩረት፣ ባሕርይን ስለ መቆጣጠርና ጓደኛ ስለ ማፍራት በግልጽ ይጠይቃል። እሱን ተጠቀሙ። ያልተቆጠረ ልጅ በጀት የለውም።

ሁለተኛ፣ ባለሙያ ከናይሮቢና ከጄኔቭ ብቻ አትፈልጉ። ጎንደር ቅርባችን ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 በጀመረው ትብብር በኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ ዲግሪ ከፍቷል። መንገዱ ቢዘጋም ስልክ አይዘጋም። ቋንቋችንን የሚያውቅ ባለሙያ በወር አንድ ጊዜ ለስደተኛ መምህራን በድምፅ ቢያሠለጥን ምን ይከብዳል? በካምፕ የሚያስተምሩት ወንድም እህቶቻችን በትንሽ አበል ብዙ ልጅ ይዘዋል፤ ልጁን ያባረሩት ከጭካኔ ሳይሆን የሚያደርጉት ስለጠፋቸው ነው።

መድኃኒትን በተመለከተ፦ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በቅድሚያ ወላጅንና መምህርን ማሠልጠን ይላል። መድኃኒት ከ6 ዓመት በላይ ላለ ልጅ፣ ሌላው ሳይበቃ ሲቀር፣ ያውም በስፔሻሊስት ምክር ነው። ስለዚህ ከሱቅ የሚሸጥ «የአእምሮ ሽሮፕ» አትግዙ።

በውጭ ያላችሁ ዘመዶች ደግሞ ይህን ስሙኝ። ክብደት ያለው ጃኬት፣ የሚሽከረከር መጫወቻ፣ ቫይታሚን ልላክ ትላላችሁ። የእነዚህ ጥቅም ብዙ አልተረጋገጠም፤ ብሩን ለደብተርና ለምግብ አድርጉት። የምትችሉት ትልቅ ነገር ሌላ ነው። በካናዳ፣ በስዊድን፣ በጀርመን ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት ይህን እርዳታ ያገኙ አላችሁ፤ አፍራችሁ ደብቃችሁት እንጂ። ቴራፒስቷ ያስተማረቻችሁን በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በአፋችሁ በፈታችሁት ቋንቋ የሦስት ደቂቃ ድምፅ ቅዱና ላኩ። «የኔም ልጅ እንዲህ ነበር» የሚል አንድ ድምፅ እዚህ ላለች እናት ከሽሮፑ ይበልጣል።

ወላጅ ሲነሣ ምን እንደሚሆን አይተናል። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ በኦቲዝም ምክንያት ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት ስታጣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ ማዕከልን ከፈተች። የልጇ ችግር ከዚህኛው የተለየ ነው፤ የእናትነት መንገዱ ግን አንድ ነው። «ልጅ ሲወዱ ከነንፍጡ» ይላል ሀገራችን። ከነመቅበጥበጡም ይሁን።

እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስም አላወጣም። መምህራንም የሠራላችሁን ንገሩን። በየብሎኩ የወላጆች ቡድን እንጀምር፤ በሳምንት አንድ ቡና ይበቃል። የክረምቱ ጭቃ መንገዱን ሳይዘጋው ብንጀምር ጥሩ ነው። ለሚመለከተው አድርሱልኝ።